በትንሽ የጀልባ ናፍጣ ሞተር ላይ የነዳጅ መሳቢያ ፓምፕ አቀያየር

ፓምፑን ከመንካትዎ በፊት የሞተሩን የዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥተው ይመልከቱ፤ ያሽትቱትም። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ፣ በጣት ሲነካ ከወትሮው ከቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ሞተሩን ለሙከራ እንኳ ቢሆን አያስነሡት። የመሳቢያው ፓምፕ የውስጥ ሽፋን ተቀድዶ ነዳጁን ወደ ዘይት ቋቱ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በናፍጣ የቀጠነ ዘይት የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ብሮንዚኖች፣ ማለትም ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርባቸውን ብረቶች፣ ከመፋቅ አያድንም። መጠኑ በጣም ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ በመተንፈሻው በኩል የራሱን ዘይት እየሳበ ማቃጠል ይጀምርና ነዳጅ ቢዘጋበትም አልቆም ብሎ ፍጥነቱን ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው አዲስ ፓምፕ ገጥሞ፣ ሞተሩ ሲነሣለት ደስ ብሎት፣ ዘይቱን ሳይቀይር ጉዞውን ይቀጥላል። በእኔ እምነት ዘይቱ ተበክሎ ሳለ እንዲህ ማድረግ ፓምፑን ጨርሶ ካለመቀየር የከፋ ነው፤ ያልተነሣ ሞተር ቢያንስ ራሱን አይፈጭም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጀልባው ውስጥ ለተቀመጡ፣ ከ10 እስከ 80 የፈረስ ጉልበት ገደማ ላላቸውና የመሳቢያ ፓምፓቸው በሞተሩ ጎን ታስሮ በካምሻፍት (ቫልቮቹን በሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ለሚንቀሳቀስ ሞተሮች ነው። ፐርኪንስ 4.108ና የያንማር ጂኤም ተከታታይ ሞተሮች የዚህ ዓይነት ፓምፕ ያላቸው የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። ሞተሩ በመጀመሪያ ለትራክተር ወይም ለጄኔሬተር ተሠርቶ በኋላ ለጀልባ የተዘጋጀ ቢሆንም የሥራው ቅደም ተከተል አይለወጥም። በጀልባው ኋላ ላይ ተንጠልጥለው የሚሠሩትን የቤንዚን ሞተሮች ግን አይመለከትም። በሐሳቤ የያዝሁት በጣና ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ራቅ ብሎ ወደ ጎርጎራ የሚሄድን ጀልባ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ፤ ከዚህ በታች እገልጸዋለሁ።

የፓምፑ አሠራር

በጋራዥ ፊድ ፓምፕ የሚባለው ይህ ዕቃ ሥራው ነዳጁን ከታንኩ ስቦ፣ በማጣሪያው አሳልፎ፣ ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ ለሚልከው ኢንጀክሽን ፓምፕ ማቀበል ነው። በፓምፑ ሆድ ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ከጎማና ከጨርቅ የተሠራ ሽፋን ተወጥሯል። በካምሻፍቱ ላይ ያለው ጉብታ የፓምፑን ክንድ ሲገፋ ክንዱ ዲያፍራሙን ይስበዋል፤ የመግቢያው ቫልቭ ይከፈትና ነዳጅ ይገባል። ጉብታው ሲያልፍ ከዲያፍራሙ ሥር ያለው ሞላ መልሶ ይገፋዋል፤ ነዳጁም በመውጫው ቫልቭ በኩል ይወጣል። ግፊቱን የሚወስነው የሞተሩ ፍጥነት ሳይሆን የሞላው ጥንካሬ መሆኑን ልብ ይበሉ። ኢንጀክሽን ፓምፑ ነዳጅ ካልፈለገ ዲያፍራሙ ተስቦ እንዳለ ይቆያል፤ ክንዱም በባዶ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ምክንያት ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከግማሽ ባር በታች ነው። ቅርጹ የሚመሳሰል፣ ለሌላ ሞተር የተሠራ ፓምፕ ሁልጊዜ የማይተካውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዲያፍራሙ አንድ ጎን ነዳጅ ይነካል፤ ሌላው ጎን የሚመለከተው የሞተሩን ውስጥ ነው። በብዙ ፓምፖች አካል ላይ በስተታች በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከዚች ቀዳዳ ናፍጣ የሚንጠባጠብ ከሆነ ዲያፍራሙ ተቀድዷል፤ የሞተር ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን የሚያግደው የውስጥ ማኅተም አልቋል። ቀዳዳዋን ቆሻሻና ቀለም ደፍኗት ከሆነ፣ ወይም ፓምፑ ከመጀመሪያውም ቀዳዳ ከሌለው፣ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ከውጭም ምንም አይታይም። ሞተሩን ቀለም የሚቀባ ሰው ይህችን ቀዳዳ ቢተዋት መልካም ነው።

አሁን የጣናን ነገር ልናገር። ፓምፕ ነዳጅ ይስባል ስንል በእውነቱ የሚሆነው ፓምፑ በውስጡ ግፊት ሲቀንስ በታንኩ ላይ ያለው የውጭ አየር ነዳጁን ወደ ፓምፑ መግፋቱ ነው። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ታንኩ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ በተቀመጠበት ጀልባ ላይ የመሳቡ አቅም በዚያው መጠን ይጠብባል። በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ወደብ ምንም ያልሆነ ግማሽ የታፈነ ማጣሪያ ወይም በደንብ ያልጠበቀ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እዚህ ሞተር ሊያጠፋ ይችላል። ይህን የማያውቅ መካኒክ በየጊዜው ደኅና ፓምፕ እያወጣ ይጥላል።

ጥፋቱ የፓምፑ መሆኑን ማረጋገጥ

የፓምፕ ድካም ምልክቶች ይታወቃሉ፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ደኅና ሆኖ ጭነት ሲበዛበት ጉልበት ያጣል፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠፍቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደገና ይነሣል። ችግሩ እነዚህን ሁሉ ምልክቶች የታፈነ ማጣሪያም፣ የተደፈነ የታንክ መተንፈሻም፣ በቱቦ መጋጠሚያ የሚገባ አየርም በትክክል የሚያሳዩ መሆናቸው ነው። አንድ ጀልባ በተከታታይ ሁለት ፓምፕ ከተቀየረለት በኋላ በሽታው የተገኘው በታንኩ መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ተርብ በሠራችው የጭቃ ቤት መሆኑን አይቻለሁ። የታንኩን ክዳን ከፍቶ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። የታንኩ የነዳጅ መስመር መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይመልከቱ፤ ክዳኑን አላልተው ይሞክሩ፤ ውኃ መለያ ያለውን የመጀመሪያውን ማጣሪያ ከሥሩ በመክፈት ውኃና ዝቃጭ ያስወጡ። ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን በሚቀዳበት ቦታ ይህ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ዋናው ተጠያቂ ነው። አንዳንዱ ፓምፕ ከላይ ባለው ክዳን ሥር የራሱ ትንሽ ወንፊት አለው፤ ክዳኑን ከፍቶ ወንፊቱን ማጠብና የክዳኑን ማኅተም መቀየር ብቻ በሽታውን የሚፈውስበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ካልረዳና ዘይቱ ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጡ የጀሪካኑን ሙከራ ያድርጉ። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በደንብ አስረው ያስቀምጡና ቱቦውን ፓምፑን በመዝለል በቀጥታ ወደ ሞተሩ ማጣሪያ ያስገቡ፤ የፓምፑንም መውጫ ይድፈኑ። አየሩን አስወጥተው ሞተሩን በጭነት ያሠሩት። ጤነኛ ሆኖ ከሠራ በሽታው ከማጣሪያው በፊት ነው። ቀጥለው ያንኑ ጀሪካን ዝቅ አድርገው በፓምፑ መግቢያ ላይ ይግጠሙት። አሁን ከደከመ ጥፋቱ የፓምፑ ነው፤ አሁንም ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ፓምፑን ይተዉትና ከፓምፑ እስከ ታንኩ ያለውን መስመር ይፈትሹ። በዚህ ሙከራ ላይ ለአጭር ጊዜ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ መጠቀም የአየር አረፋ መኖሩን ያሳያል፤ ሙከራው ሲያልቅ ግን ያ ቱቦ መውጣት አለበት።

በእጅም መፈተሽ ይቻላል። የመውጫውን ቱቦ ፈትተው አፉን ወደ ጣሳ ያድርጉና በፓምፑ ላይ ያለውን የእጅ ማንሻ ደጋግመው ይጫኑ፤ ከእያንዳንዱ ምት ጋር ጠንካራ ፍንጣቂ መውጣት አለበት። ማንሻው ምንም ሳይከብድ ልል ሆኖ ከተንቀሳቀሰ ፓምፑ ሞቷል ብለው አይደምድሙ። ጉብታው ክንዱን ገፍቶ ይዞት ከሆነ ማንሻው የሚስበው ነገር አይኖረውም። ካምሻፍቱ በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር በእጅ ሲያዞሩት ካምሻፍቱ ግማሽ ዙር ዞሮ ጉብታውን ከክንዱ ያርቀዋል። ከዚያ እንደገና ይሞክሩ።

በመጨረሻም፣ ዘይት ውስጥ የተገኘ ናፍጣ ሁሉ ከዚህ ፓምፕ የመጣ አይደለም። የኢንጀክሽን ፓምፑ ማኅተምም ሆነ በሞተሩ ራስ ክዳን ሥር የሚያልፍ የነዳጅ መመለሻ ቱቦ ሊያፈስስ ይችላል። አሮጌው ፓምፕ ሲወጣ ዲያፍራሙ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ፍለጋው ወደነዚህ መዞር አለበት።

ተለዋጩን ፓምፕ መምረጥ

የሞተሩን ዓይነትና ተከታታይ ቁጥር ይዞ ማዘዝ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ሆኖም ዕቃው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ሥራ የሚፈታ ሰው አምሳያ መፈለጉ አይቀርም። አምሳያ ሲፈልጉ አሮጌውን ፓምፕ ይዘው ይሂዱና አራት ነገር ያስተያዩ፤ የክንዱን ርዝመትና የጥምዘዛውን አቅጣጫ፣ በቡሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት፣ የመግቢያና የመውጫ አፎቹን አቅጣጫና ጥርስ፣ እንዲሁም ፓምፑና ሞተሩ የሚገናኙበትን ፊት ቅርጽ። ክንዱ በሁለት ሚሊሜትር ብቻ ቢረዝም ፓምፑ ሳይገጥም ሊቀር ወይም ገጥሞ ሊሰበር ይችላል፤ ቢያጥር ደግሞ በቂ ነዳጅ አይስብም። ከቤንዚን መኪና የተወሰደ ተመሳሳይ ፓምፕ አይውሰዱ።

ፓምፑ በዙሪያው በቪቶች የታሰረ ከሆነ ዲያፍራምና ቫልቭ ብቻ በመቀየር ሊታደስ ይችላል፤ ቆርቆሮው ዙሪያውን ታጥፎ የተዘጋ ከሆነ ግን ሊፈታ አይችልም። በኤሌክትሪክ ፓምፕ መተካት የሚመርጡም አሉ። ይህን የማልደግፈው የሜካኒኩ ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ስለሚቆም ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግን ቱቦ ቢበጠስም በዘይት ግፊት መቆጣጠሪያ ካልታሰረ በቀር ነዳጁን ወደ ጀልባው ሆድ ማፍሰሱን ይቀጥላል።

ዝግጅት

ለሥራው መፍቻዎች፣ ቡሶላ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ወይም የነሐስ መፋቂያ፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሁለት ጣሳ፣ የባትሪ መብራትና ጓንት ያስፈልጋሉ። ከፓምፑ ጋር አዲስ ጓርኒሲዮን (በፓምፑና በሞተሩ ፊት መካከል የሚገባውን ማሸጊያ)፣ አዲስ የመዳብ ሮንዴላዎች፣ አዲስ የነዳጅ ማጣሪያ፣ የሞተር ዘይትና የዘይት ማጣሪያ ያዘጋጁ። አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ካልተገኘ አሮጌውን በእሳት እስኪቀላ አግሎ በውኃ መንከር መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ይህን ግን የብስ ላይ እንጂ ጀልባው ውስጥ አያድርጉት።

ጀልባውን በደንብ ያስሩ፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የሞተር ክፍሉን ከፍተው ያናፍሱ፤ የእሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ያስቀምጡ፤ ሲጋራ አይጨስ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። የጀልባው ሆድ ውኃ ማውጫ በራሱ የሚነሣ ከሆነ ያጥፉት፤ ምክንያቱም የሚፈሰው ናፍጣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይሄዳልና። ጣና ለዳርቻው ሰው የመጠጥ ውኃውም ዓሣውም ነው። በፈሰሰ ናፍጣ ላይ የሳሙና ዱቄት ነስንሶ መልቀቅ ዘይቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በጨርቅ ተለቅሞ በጀሪካን ወደ የብስ ይውጣ።

አሮጌውን ማውጣት

በመጀመሪያ የታንኩን መዝጊያ ይዝጉ። ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ያለ ከሆነና መዝጊያው በደንብ የማይዘጋ ከሆነ ቱቦው እንደተፈታ ነዳጁ ያለ ማቋረጥ ስለሚወርድ የቱቦውን አፍ የሚደፍን ትክክለኛ መጠን ያለው ቡሎን አስቀድመው ያዘጋጁ። የፓምፑን ዙሪያ በብሩሽና በጥቂት ናፍጣ አጥበው ያድርቁ። ይህ ለውበት አይደለም፤ ፓምፑ ሲወጣ የሚከፈተው ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ስለሚወስድ በዙሪያው ያለ አሸዋ ሁሉ ወደዚያ ይገባል።

ቱቦዎቹን ከመፍታትዎ በፊት የትኛው መግቢያ የትኛው መውጫ እንደሆነ በክር ወይም በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱ። የብረት ቱቦ በዳዶ የተያያዘ ከሆነ አንዱን መፍቻ በፓምፑ በኩል ባለው መጋጠሚያ ላይ ይዘው በሌላው ዳዶውን ይፍቱ፤ በአንድ መፍቻ ብቻ መታገል ቱቦውን ይጠመዝዘዋል። የጎማ ቱቦ ከሆነ ፋሼታውን አላልተው ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ እያሽከረከሩ ያውጡት። የቱቦዎቹን አፎች ወዲያው ይድፈኑ።

ከዚያ ፓምፑን የያዙትን ቡሎኖች ወይም ዳዶዎች ይፍቱ፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ሁለት ወይም አራት ናቸው። ሁሉንም በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ። የውስጡ ሞላ ፓምፑን ወደ ውጭ ስለሚገፋው አንዱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ሌላውን አጥብቆ መተው የፓምፑን ጆሮ ሊሰብር፣ የሞተሩንም ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። መጨረሻው ሲላላ ፓምፑን በአንድ እጅ ደግፈው ክንዱን አዘንብለው ያውጡት። በአንዳንድ ሞተር ላይ በካምሻፍቱና በፓምፑ መካከል አጭር ዘንግ ስላለ ፓምፑ ሲወጣ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ወፍራም ማራቂያ ከተገኘ አይጣሉት፤ ውፍረቱ የክንዱን ርቀት የሚወስን በመሆኑ ከአዲሱ ፓምፕ ጋር ተመልሶ ይገባል።

ቀዳዳውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑት፤ ጨርቁንም በክር አስረው የክሩን ጫፍ ከውጭ ያስቀሩ። ከዚያ የአሮጌውን ፓምፕ ክንድ በመብራት ይመልከቱ። ካምሻፍቱን የሚነካው ፊት ለስላሳና አንጸባራቂ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ጉድጓድ ወይም የተቆረጠ ጠርዝ ካለው ጨርቁን አውጥተው በካምሻፍቱ ላይ ያለውን ጉብታ በጣትዎና በመብራት ይፈትሹ። የክንዱ ክፍል ተሰብሮ ከጎደለ የጎደለው ቁራጭ በዘይት ቋቱ ውስጥ ነው፤ ሳይገኝ ሞተሩ አይነሣም።

አዲሱን መግጠም

የሥራው ሁሉ አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። አስቀድመው አዲሱን ፓምፕ በእጅዎ ይሞክሩት፤ መግቢያውን በንጹሕ ናፍጣ ውስጥ ነክረው ክንዱን ደጋግመው ሲጫኑት ነዳጁ በመውጫው መውጣት አለበት፤ መግቢያውን በአውራ ጣት ደፍነው ሲጫኑትም ጣትዎን ለጥቂት ሰኮንድ ይዞ መቆየት አለበት። በዚህች ሙከራ የከሸፈ አዲስ ፓምፕ አለ፤ ከገጠሙት በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

በሞተሩ ፊት ላይ የቀረውን የአሮጌ ጓርኒሲዮን በመፋቂያው ያንሡ። ፊቱ አሉሚኒየም ከሆነ ብረት ቢላዋ አይጠቀሙ፤ ብርጭቆ ወረቀትም ብናኙ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ አይመከርም።

አሁን ጉብታውን ከክንዱ ማራቅ ያስፈልጋል። ባትሪው የተፈታ መሆኑን እንደገና አረጋግጠው፣ የዲኮምፕሬሽን ማንሻ (የሲሊንደሩን ግፊት የሚለቅ) ካለው ከፍ አድርገው፣ ጨርቁን አውጥተው በፊተኛው ፑሌጃ ዳዶ ላይ በመፍቻ ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። የሚዞረው በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ማዞር የማቀዝቀዣ ውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፎች ሊያበላሽ ይችላል። ትንሽ ካዞሩ በኋላ እየቆሙ በቀዳዳው በኩል በመብራት ወይም በጣትዎ ይመልከቱ፤ መፍቻው እየዞረ ሳለ ጣት በቀዳዳው ውስጥ አይኑር። የጉብታው ከፍታ ከቀዳዳው ዞር ብሎ ዝቅተኛው ጎን ክንዱ ወደሚያርፍበት ሲመጣ ያቁሙ።

በጓርኒሲዮኑ ሁለት ፊት ላይ በጣም ስስ የሆነ ማጣበቂያ መቀባት ይቻላል፤ ብዙ ሲሊኮን ከተቀባ ተርፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ሁለት ጓርኒሲዮን መደራረብም ክንዱን ስለሚያርቅ የፓምፑን ምት ይቀንሳል። የክንዱን ፊት በንጹሕ የሞተር ዘይት ይቀቡ፤ አጭር ዘንግ ካለው በጥቂት ግሪስ ወደ ቦታው ያጣብቁት።

ክንዱ በካምሻፍቱ ላይ የሚያርፈው ከላይ ነው ወይስ ከሥር ወይስ ከጎን የሚለው በየሞተሩ ይለያያል፤ አሮጌው እንዴት እንደነበረ በክንዱ ላይ ያለው የመፋቅ ምልክት ይነግርዎታል። አዲሱን በዚያው መንገድ አዘንብለው ያስገቡ፤ ክንዱ ጉብታውን ሲነካ ለስላሳ የሞላ ተቃውሞ ይሰማዎታል። ፓምፑን በመዳፍዎ ሲገፉት ፊቱ ከሞተሩ ፊት ጋር መገጣጠም ወይም ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ መቅረት አለበት። አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከራቀ፣ ወይም አንዱ ጎኑ ብቻ ከተነሣ፣ ክንዱ ከካምሻፍቱ በተሳሳተው በኩል ገብቷል፤ ወይም ጉብታው ተመልሶ መጥቷል። በዚህ ጊዜ ቡሎኖቹን እያጠበቁ ፓምፑን ወደ ውስጥ ለመሳብ ያለው ፈተና ትልቅ ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ጀርባ ያማል፣ ቡሎኑም ይይዛል። የተሰበረ ክንድና የተሰነጠቀ የፓምፕ ጆሮ የሚመጣው ከዚህ ነው። አውጥተው እንደ አዲስ ይጀምሩ።

ፊቱ በትክክል ከገጠመ ቡሎኖቹን በጣት ብቻ ጥቂት ጥርስ አስይዘው፣ ከዚያ በየተራ ያጥብቁ። የሞተሩ መጽሐፍ ካለ የሚለውን የማጥበቂያ መጠን ይከተሉ፤ ከሌለ ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን በብረት ብሎክ ላይ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ በአሉሚኒየም ላይ ከዚያ ያነሰ። ሲጨርሱ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ ያለ ድንገተኛ መክበድና ያለ መንኳኳት መዞር አለበት።

ቱቦዎቹን ሲመልሱ የተሰነጣጠቀ ወይም የደረቀ ጎማ አይመልሱ። ለጀልባ ነዳጅ የሚመከረው እሳት የሚቋቋም፣ አይኤስኦ 7840 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቱቦ ነው። የቧንቧ ሠራተኞችን ነጭ ቴፕ በነዳጅ መጋጠሚያ ላይ አይጠቀሙ፤ ቁራጩ ተቆርሶ በፓምፑ ቫልቭ ሥር ይቀራል። በመሳቢያው በኩል ያለ ልል መጋጠሚያ ነዳጅ ከማንጠባጠብ ይልቅ አየር ስለሚያስገባ ደረቅ ሆኖ መታየቱ ጠብቋል ማለት አይደለም።

ዘይት መቀየርና አየር ማስወጣት

ዘይቱ በናፍጣ ተበክሎ ከሆነ አሁን፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ከነማጣሪያው ይቀየር። በብዙ ጀልባ ላይ የዘይት ቋቱ ቡሎን እጅ ስለማይደርስበት በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በእጅ ፓምፕ መሳብ ይቻላል፤ የቀጠነ ዘይት ሳይሞቅም በቀላሉ ይወጣል። የወጣውን መጠን ይለኩ፤ ከሚገባው ምን ያህል እንደበለጠ ማወቅ ምን ያህል ናፍጣ ገብቶ እንደነበር ይነግርዎታል።

መካኒኮች ስፑርጎ የሚሉትን አየር ማስወጣት ከታንኩ ወደ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጁን ወደ ሲሊንደር ወደሚረጩት) በሚሄደው ቅደም ተከተል ያካሂዱ። አዲሱን ማጣሪያ ከገጠሙ በኋላ የታንኩን መዝጊያ ይክፈቱ፤ በማጣሪያው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ጥቂት አላልተው የፓምፑን የእጅ ማንሻ ይጫኑ። በመጀመሪያ አረፋ፣ በኋላ ንጹሕ ነዳጅ ይወጣል፤ አረፋው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ፣ ማንሻውን እየጫኑ ሳሉ፣ ቡሎኑን ያጥብቁ። ቀጥሎ በኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ያለውን በዚሁ መንገድ ያድርጉ። ሃምሳ ጊዜ ቢጫኑ እንኳ አረፋው የማያልቅ ከሆነ በመሳቢያው በኩል አየር እየገባ ነው፤ ፋሼታዎቹንና የማጣሪያውን ማኅተም እንደገና ይመልከቱ።

ባትሪውን መልሰው ከማሰርዎ በፊት አንድ የጀልባ ብቻ የሆነ ጥንቃቄ አለ። ሞተሩ ከሐይቁ ውኃ እየሳበ የሚቀዘቅዝና ውኃውን ከጭሱ ጋር የሚያስወጣ ከሆነ፣ በሞተሪኖ ብቻ ሲዞር ውኃው ወደ ጭስ ማውጫው መግባቱን አያቆምም፤ ገፍቶ የሚያወጣው ጭስ ግን የለም። ውኃው በጭስ ማውጫው ሣጥን ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ሲሊንደር ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የፓምፕ ሥራ የሞተር ሥራ ይሆናል። ስለዚህ የውኃ ማስገቢያውን ቫልቭ ዘግተው ያዙሩ፤ ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት ይክፈቱት። እንዳይረሳ የቫልቩን እጀታ የሚይዝ ሌላ ሰው ማቆም ወይም የሞተሩን ቁልፍ በቫልቩ እጀታ ላይ ማንጠልጠል ጥሩ ልማድ ነው።

ከኢንጀክተሮቹ ጋር የሚገናኙትን የቱቦ ዳዶዎች በግማሽ ዙር ያላሉና ሞተሪኖውን ከ10 ሰኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ያሠሩ፤ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉት። ነዳጅ ከእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ሲታይ ያጥብቁ። በዚህ ጊዜ እጅዎንና ፊትዎን ያርቁ፤ ከኢንጀክሽን ፓምፕ የሚወጣ ነዳጅ ግፊቱ ቆዳ በስቶ የሚገባ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስሄድ ነው። አንዳንድ ሞተር የመጨረሻውን አየር ራሱ ስለሚያወጣ ይህ እርምጃ ላያስፈልገው ይችላል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ

መጀመሪያ የዘይት ግፊቱን፣ ቀጥሎ የማቀዝቀዣ ውኃ መውጣቱን ይመልከቱ። ከዚያ የፓምፑን ዙሪያና መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ነጭ ወረቀት ይነካኩ፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ወረቀቱ ያሳያል። በወደቡ ላይ፣ ጀልባው ታስሮ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በጭነት ይሥራ። የደከመ የነዳጅ መስመር በባዶ ሞተር ላይ አይጋለጥምና ያለ ጭነት የተደረገ ሙከራ አያስተማምንም።

ሞተሩን አጥፍተው ከቀዘቀዘ በኋላ የፓምፑን ቡሎኖች እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይረግባል። የዘይቱን ልክ በመለኪያው ላይ አይተው ቀኑንና የሞተሩን ሰዓት ከእሱ ጋር በመዝገብ ይጻፉ። ለሚቀጥሉት 10 የሥራ ሰዓታት በየቀኑ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ይለኩ። ልኩ ከተጻፈው ከፍ ካለ ናፍጣው አሁንም እየገባ ነው፤ ፓምፑ አዲስ ስለሆነም ፍለጋው በቀጥታ ወደ ኢንጀክሽን ፓምፑ ማኅተምና ወደ መመለሻው ቱቦ ይሂድ። ዘይቱ በጣም ተበክሎ ከነበረ ከነዚህ 10 ሰዓታት በኋላ አንድ ጊዜ ደግመው ይቀይሩት፤ በመጀመሪያው ቅያሪ ጊዜ በሞተሩ ውስጥ የቀረ ቅልቅል ዘይት መኖሩ አይቀርም።